ያገለገለ አነስተኛ ትራክተር ከነጋዴ ሲገዛ፦ ለአንጋጫና ለአካባቢዋ ገዢዎች መመሪያ



በከምባታ ዞን በሆሳዕናና በዱራሜ መካከል በምትገኘው አንጋጫ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከወጣቶች አፍ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ያለንን አሰባስበን ትንሽ ትራክተር ብንገዛስ?» ጥያቄው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። በሬ ተወዷል፤ የግጦሽ መሬት ጠብቧል፤ በርካታ የሐዲያና የከምባታ ልጆች ደቡብ አፍሪካና ዐረብ አገር ሄደው ገንዘብ ይልካሉ። እዚህ የቀሩት ደግሞ ገንዘቡን ቤት ከመሥራት ባለፈ እንጀራ የሚሆን ነገር ላይ ማዋል ይፈልጋሉ። አዲስ ትራክተር ከአቅም በላይ ሲሆን ዓይን ያገለገለው ላይ ያርፋል።

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ የማውቀው አንድ ወንድም ከሁለት ዘመዶቹ ጋር ሆኖ ከአንድ ነጋዴ እንዲህ ያለ ትራክተር ገዝቶ ነበር። ከገንዘቡ የሚበዛው ደቡብ አፍሪካ ካለው ታናሽ ወንድሙ የተላከ ነው። ቀለሙ አዲስ ነበር፤ ሞተሩም ቁልፍ ሲዞር ወዲያው ይነሳል። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ውኃ ማፍላት ጀመረ። ቴስታው ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ስንጥቁ ራዲያተር ውስጥ በሚጨመር ማሸጊያ ለጊዜው ተደፍኖ ነበር። የመኸር እርሻ አመለጣቸው። ነጋዴው «አይታችሁ ነው የገዛችሁት» አላቸው። በእጃቸው የተጻፈ ነገር አልነበረም። ከብሩ ይልቅ ያስቸገረው ለላከው ወንድም ምን ብሎ መንገር እንደሚቻል ነበር።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም የሚረዱ ነጥቦችን በቅደም ተከተል ያቀርባል። የማሽኑን፣ የሰነዱን፣ የሸሪዓውንና የክፍያውን ጉዳይ አንድ ላይ የያዝነው አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን ስለማያድን ነው።

1. መጀመሪያ ሒሳቡ

አንጋጫ ሕዝብ የበዛበት፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ትንሽ የሆነበት አካባቢ ነው። ከዚያችው መሬት ላይ ደግሞ ጓሮውን እንሰት ይይዘዋል። ስለዚህ እዚህ ትራክተር የሚገዛ ሰው ለራሱ ማሳ ብቻ ብሎ ቢገዛ አያዋጣውም፤ የሚገዛው ለጎረቤት በኪራይ ለማረስ፣ ለመውቃትና ለማጓጓዝ ነው። እንግዲህ ጥያቄው «ስንት ይሸጣል?» ሳይሆን «በቀን ስንት ያርሳል፣ በዓመት ስንት ቀን ሥራ ያገኛል?» ነው።

ማስላቱ ከባድ አይደለም። 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ሮታቬተር በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢሠራ በሰዓት 3,600 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለመዞሪያ፣ ለመደራረብና ለማቆሚያ ከዚህ ላይ ሲሦውን ያህል ብንቀንስ 2,500 ካሬ ሜትር አካባቢ ይቀራል። ይህም ሩብ ሄክታር፣ በብዙ ቦታ አንድ ጥማድ የሚባለው ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ማሳው ሰፊና ደልዳላ ሲሆን ነው። ከአንዱ ቁራጭ ማሳ ወደ ሌላው በጠባብ መንገድ የሚባክነው ጊዜ ከታከለበት ግማሹን መጠበቅ ይበልጥ ያዋጣል።

ከሰዓቱ ገቢ ላይ ናፍጣ ይቀነሳል፤ 25 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሥራ ላይ ሆኖ እንደ ጭነቱ በሰዓት ከ3 እስከ 5 ሊትር ያህል ይጠጣል። የኦፕሬተር ክፍያ፣ ዘይትና ፊልትሮ፣ የሮታቬተር ምላጭ፣ ጎማ፣ ለትልቅ ጥገና የሚቀመጥ ገንዘብም ይቀነሳሉ። የተረፈው በበልግና በመኸር የሥራ ቀናት ሲባዛ ትራክተሩ ዋጋውን በስንት ዓመት እንደሚመልስ ይታያል። መልሱ ከቀሪው የሞተር ዕድሜ የሚረዝም ከሆነ መተው ይሻላል።

2. ለዚህ መሬት የሚሆነው የትኛው ነው?

የሀላባ ወይም የአርሲ ሜዳ ላይ በደንብ የሠራ ማሽን አንጋጫ ላይ ላይሠራ ይችላል። ሁለት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ከፍታ ነው። አንጋጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 25 የፈረስ ጉልበት የሚለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ወደ 20 ይወርዳል። ነጋዴው አዳማ ላይ ያሳየው ማረሻ እዚህ ከብዶት ቢገኝ አይግረማችሁ። ከሚያስፈልገው ትንሽ ከፍ ያለ ጉልበት መምረጥ፣ ወይም ጠበብ ያለ ማረሻ መያዝ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ዳገቱ ነው። በአምባሪቾ ተራራ ዙሪያ ያሉ ብዙ ማሳዎች ተዳፋት ናቸው። በትራክተር ከሚደርሱ የሞት አደጋዎች ዋነኛው መገልበጥ ነው። ስለዚህ ከመቀመጫው ጀርባ የሚቆም የመገልበጥ መከላከያ ፍሬምና የሚሠራ ቀበቶ የሌለውን ትራክተር፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ለዚህ አገር አለመግዛት ይመረጣል። ፍሬሙ ተቆርጦ ከተጣለ ወይም ታጥፎ ዝጎ ከቀረ የሌለ ያህል ነው። በጣም የተዳፈተውን ማሳ ለበሬና ለዶማ መተው ከትራክተር ባለቤት የሚጠበቅ ማስተዋል ነው።

በገበያው የሚገኙት በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ባለ ሁለት ጎማው፣ ኦፕሬተሩ ከኋላ እየሄደ የሚመራው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቻይና ሠራሽ ነው፤ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አለው። ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ጥገናው ቀላል ነው፤ ለጠባብ ማሳ ይመቻል፤ ውኃ ይስባል፣ መውቂያ ያዞራል። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል (ሲሚት) ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች ለአነስተኛ ገበሬ ሲያስተዋውቀው የቆየውም ይህንኑ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ባለ አራት ጎማው አነስተኛ ትራክተር ሲሆን፣ ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለውና ተቀምጠው የሚነዱት ነው። ለዳገትና ለጭቃ አራቱም ጎማ የሚጎትተውን መምረጥ ይገባል።

3. መለዋወጫ ከምልክቱ ይቀድማል

ያገለገሉ አነስተኛ ትራክተሮች ወደ ገበያ የሚመጡት በሁለት መንገድ ነው፤ አገር ውስጥ ከሠሩ ባለሀብቶችና ማኅበራት እጅ፣ ወይም ከውጭ ያገለገሉ ሆነው ከገቡት። ከጃፓን የሚመጡት ኩቦታ፣ ያንማር፣ ኢሴኪ የመሳሰሉት ጠንካራ ናቸው። ይሁንና ብዙዎቹ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ ብቻ የተሠሩ ሞዴሎች ናቸው። ጽሑፋቸው በጃፓንኛ ነው፤ የሞዴል ቁጥራቸው ለውጭ ገበያ ከተሠራው ይለያል። ምልክቱ ታዋቂ ስለሆነ ብቻ መለዋወጫው ይገኛል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት የሞዴሉንና የሞተሩን ቁጥር ጽፎ ሆሳዕናና አዲስ አበባ መለዋወጫ ወደሚሸጡ መደብሮች መደወል ያስፈልጋል። አራት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ የዘይትና የናፍጣ ፊልትሮ፣ የቴስታ ጋርኒሲዮን፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የውኃ ፖምፓ። ከአራቱ ሁለቱ ካልተገኙ ማሽኑ የአንድ ብልሽት ዕድሜ ነው ያለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ዋጋ መጨመሩንም ሒሳብ ውስጥ ማስገባት ይገባል።

4. ነጋዴው ግቢ ውስጥ፦ ፍተሻ

ገለልተኛ መካኒክ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይቀድማል። ነጋዴው የጠቆመውን ሳይሆን ገዢው ራሱ የሚከፍለውን መካኒክ ማለት ነው። ዝናብ ባለበት ወይም በመሸ ሰዓት መመርመር አይገባም።

ሞተር ከመነሳቱ በፊት። ሞተሩን በእጅ ይዳስሱ። ቀድሞ ሞቆ ከጠበቀዎት ነጋዴው ቀዝቃዛ ሆኖ አልነሳ የሚልበትን ችግር ሊሸፍን ይችላል፤ ሌላ ቀን ማለዳ ይመለሱ። የዘይት መለኪያውን ያውጡ፤ ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፤ ዝገት፣ የዘይት ዓይን ወይም የማሸጊያ ቅንጣት ካለ ይጠርጥሩ። አዲስ ቀለም በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ቀለሙ ቡሎንና የጎማ ቱቦ ላይ ሁሉ ከተረጨ ከሥሩ ምን እንዳለ ይመርምሩ። ብየዳ በተለይ በፊት አክስልና በማንጠልጠያ ክንዶቹ ላይ ይፈልጉ።

ሲነሳና ሲሠራ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ጥቂት ነጭ ጭስ ማውጣቱ የተለመደ ነው። ከሞቀ በኋላም የማይቆም፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ሲሊንደር እንደሚገባ ይጠቁማል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በሚገባ አለመንደዱን ያሳያል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ጭነት ሲበዛ ትንሽ ጥቁር መታየቱ ብቻውን ፍርድ አያሰጥም፤ ያለ ጭነት ሲጠቁር ግን ኖዝሉን ወይም ፖምፓውን ያስመርምሩ። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲያነሱ ጭስ ገፍቶ ከወጣ የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋል። በራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ የአየር አረፋ ካዩ የቴስታ ጋርኒሲዮን ወይም ቴስታው ራሱ ችግር አለበት። ያ ወንድሜ ይህችን አንዲት ምርመራ ቢያደርግ ኖሮ ይበቃው ነበር።

ከሥራ ጋር። ቢያንስ ለአንድ ሰዓት በማረሻ እንዲሠራ ይጠይቁ። ብዙ ችግር የሚወጣው በባዶ ሲነሳ ሳይሆን ሞቆ ሲጎትት ነው። ማንጠልጠያው ከባድ ዕቃ አንሥቶ ሞተሩ ሲጠፋ ቀስ እያለ መውረዱ የተለመደ ነው፤ ዘጭ ካለ ወይም ሲያነሣ ከተንቀጠቀጠ የሃይድሮሊክ ፖምፓው ወይም ማኅተሞቹ አርጅተዋል። ማረሻ የሚያዞረው የኃይል ማውጫ ዘንግ ሲሠራ ድምፁን ያዳምጡ። በሁሉም ማርሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንዱ፤ ማርሽ የሚያመልጠውን ይለዩ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሙሉ በሙሉ ይለያያል ወይ? አራቱ ጎማ አብሮ ይጎትታል ወይ? ግራና ቀኝ ፍሬን እኩል ይይዛል ወይ?

የሰዓት ቆጣሪ። የትራክተር ዕድሜ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ነው። ቆጣሪው ሊቀየር ስለሚችል ከሌላው ምልክት ጋር ያስተያዩት። 600 ሰዓት የሚል ቆጣሪ ያለው ትራክተር የፍሪሲዮን መርገጫው ጎማ ተልጦ ብረቱ ከታየ፣ መቀመጫው ከተበላ፣ መሪው ልል ከሆነ ቁጥሩ አይታመንም።

5. ሰነድ

ሻጩ በእርግጥ ባለቤት መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ሳይታይ ስለ ዋጋ ማውራት ከንቱ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከማሽኑ ላይ ተነቦ ከሊብሬውና ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር አንድ በአንድ መመሳከር አለበት። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ዳግም የተመታ ከሆነ ይተውት።

ከቀረጥ ነጻ የገባ ማሽን የራሱ ጥያቄ አለው። በኢንቨስትመንት መብት ከቀረጥ ነጻ የገባ ዕቃ ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ የቀረጥ ግዴታ ሊያስከትል ይችላል። ቀረጡ የተከፈለ ወይም የማይፈለግ መሆኑን ከጉምሩክ ኮሚሽን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል።

ሌላው ዕዳ ነው። በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ትራክተር ለብድር መያዣ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ መዝገቡ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥር ነው። በመያዣ የተመዘገበ ትራክተር የገዛ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ባንክ ሊወስድበት ይችላል። ከመክፈል በፊት ይህን ማጣራት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ስም ሲዛወርም ውሉ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መፈጸም አለበት፤ «ውክልና ይበቃል» የሚለውን አይቀበሉ።

6. ጉድለትና ውል፦ ሸሪዓውና ሕጉ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገበያ ላይ ከእህል ክምር ሥር እርጥብ አግኝተው ሻጩን የገሠጹበት ሐዲስ በሶሒሕ ሙስሊም የታወቀ ነው። ሰውየው እርጥቡን ከላይ አድርጎ ለገዢ ማሳየት እንደነበረበት አስተምረዋል። በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ ከዚያ እርጥብ እህል አይለይም። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሌላ ሐዲስም ሁለቱ ተገበያዮች እውነት ተናግረው ያለውን ከገለጹ ግብይታቸው እንደሚባረክ፣ ከደበቁ በረካው እንደሚነሣ ተነግሯል።

በፊቅህ «ኺያሩል ዓይብ» የሚባለው የገዢ መብት ከዚህ ይነሣል። ከርክክቡ በፊት የነበረ፣ ዋጋ የሚቀንስ፣ ገዢው ያላወቀው ጉድለት ሲገኝ ገዢው ዕቃውን መመለስ ይችላል። ዕቃውን ይዞ የዋጋ ልዩነት መጠየቅ ይችላል ወይ በሚለው መዝሀቦች ይለያያሉ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ጉድለቱን ካወቀ በኋላ ማረሱን የቀጠለ ሰው እንደ ወደደ ይቆጠራል። ስለዚህ ማሽኑን ማቆምና ለሻጩ ወዲያው ማሳወቅ ያስፈልጋል። «እንዳለ ነው የምሸጠው» የሚለው ቃልም ሻጩ እያወቀ ለደበቀው ጉድለት ማምለጫ እንደማይሆን በርካታ ሊቃውንት ይናገራሉ።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለጉድለት ያለበትን ዋስትና ይደነግጋል። ገዢም ዕቃውን በቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፤ ገዢ አስቀድሞ ላወቀው ጉድለት ዋስትና የለም። በጽሑፍ ማሳወቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀልለው አስቀድሞ «ኺያሩ ሸርጥ»፣ ማለትም የሙከራ ጊዜ ማስቀመጥ ነው። በግብይት ይታለል ለነበረ ሰሓባ፣ ሲገበያይ ማታለል እንዳይኖር ቅድመ ሁኔታ እንዲያስቀምጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውታል። ሐነፊዎችና ሻፊዒዮች ጊዜውን በሦስት ቀን ይገድቡታል፤ ሐንበሊዮች የታወቀ ጊዜ እስከሆነ ድረስ ከዚያ በላይ ይፈቅዳሉ። ሦስት ቀን ማሳ ላይ የሠራ ትራክተር ብዙ ምሥጢሩን ይናገራል።

ውሉ ቢያንስ የሚከተሉትን ይያዝ፦
– የሻጭና የገዢ ሙሉ ስምና አድራሻ፤ ሻጩ ባለቤት ነው ወይስ ደላላ
– ሞዴል፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ በዕለቱ የተነበበው የሰዓት ቆጣሪ
– አብሮ የሚሰጥ ማረሻ፣ ሮታቬተርና መፍቻ በዝርዝር
– ሻጩ የሚያውቃቸው ጉድለቶች ዝርዝር፣ «ሌላ የማውቀው የለም» ከሚል ቃል ጋር
– የሙከራ ቀናት፣ የመመለሻ ሁኔታና የማጓጓዣውን ወጪ የሚችለው ማን እንደሆነ
– ከዕዳና ከመያዣ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ
– የምስክሮች ስምና ፊርማ

7. ቀብድ

ቀብድ ላይ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ይቸኩላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ ዕጥፍ ይመልሳል። በፊቅህ ደግሞ ገዢ ሐሳቡን ሲቀይር ቀብዱ ለሻጭ የሚቀርበትን ሽያጭ አብዛኞቹ ሊቃውንት ሲከለክሉ ሐንበሊዮች ፈቅደዋል። በኋላም ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ የጊዜ ገደብ ተቀምጦለት ፈቅዶታል። ቀብድ ከተከፈለ አነስተኛ ይሁን፤ ቀኑም ይጻፍ።

«ዕቃው መንገድ ላይ ነው፤ ሙሉውን ክፈልና ሲደርስ ትወስዳለህ» የሚልም አለ። ሻጩ በእጁ ያላስገባውን የተለየ ዕቃ መሸጥ በሐዲስ የተከለከለ ነው። በገዢው ላይ የሚያመጣው ጉዳትም የታወቀ ነው፤ ፎቶው አንድ፣ የደረሰው ሌላ ይሆናል።

8. ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ጥሬ ገንዘብ የሌለው ሰው ወለድ ውስጥ ሳይገባ ሦስት መንገድ አለው።

አንደኛው ከነጋዴው በዱቤ መግዛት ነው። የዱቤ ዋጋ ከእጅ በእጅ ዋጋ ቢበልጥ፣ ሁለቱ ሳይለያዩ በአንዱ ዋጋ ከተስማሙ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይፈቅዱታል። የማይፈቀደው ክፍያ ሲዘገይ በዕዳው ላይ የሚጨመረው ነው። ዕዳን መጻፍና ማስመስከር በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ የታዘዘ መሆኑን አንርሳ።

ሁለተኛው በባንክ በኩል የሚደረግ ሙራበሓ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዘምዘምና ሒጅራን የመሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል፤ በመደበኛ ባንኮች ውስጥም ከወለድ ነጻ መስኮቶች አሉ። የሙራበሓው ነፍስ ባንኩ ትራክተሩን ራሱ ገዝቶ በእጁ ካደረገ በኋላ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው መሸጡ ነው። ገዢው ቀድሞ ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ደረሰኝ ይዞ ሲሄድ የሚሰጠው ብድር ነው፤ ትርፍ ከተጨመረበት ወለድ ይሆናል። ስለዚህ ባንኩ ጋር መሄድ የሚገባው ከነጋዴው ጋር ከመዋዋል በፊት ነው። ባንኩ ያገለገለ ማሽን ይቀበል እንደሆነ፣ እስከ ስንት ዓመት ዕድሜ ያለውን እንደሚቀበልም አስቀድሞ ይጠየቅ።

ሦስተኛው የካፒታል ዕቃ ኪራይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 103/1990 የተፈቀደ አሠራር ሲሆን፣ አከራዩ ማሽኑን ገዝቶ ያከራያል፤ በመጨረሻም ለተከራዩ ሊያዛውር ይችላል። ከኢጃራ ጋር ይመሳሰላል፤ ይሁንና ውሉ ወለድ ወይም የዘገየ ክፍያ ጭማሪ ካለበት ያልፋል ማለት አይደለም። ከመፈረም በፊት ውሉን ለሚያውቅ ዓሊም ማሳየት ይገባል።

9. በጋራ ሲገዛ

አብዛኛው የአካባቢያችን ትራክተር በወንድማማቾችና በጎረቤቶች ገንዘብ የሚገዛ ነው። በሺርካ ትርፍ በስምምነት ሊከፋፈል ይችላል፤ ኪሳራ ግን በመዋጮ መጠን ነው። ውጭ አገር ያለው ወንድም የላከው ገንዘብ ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ድርሻ? ይህ በመጀመሪያው ቀን ካልተጻፈ በመጨረሻው ቀን ጠብ ይሆናል። ከባለ ድርሻዎቹ አንዱ ኦፕሬተር ከሆነ የሥራው ክፍያ ከትርፍ ድርሻው ተለይቶ ይወሰን። ከየሥራ ሰዓቱ ገቢ የተወሰነ እጅ ለጥገና ተለይቶ ሌላ ሒሳብ ውስጥ ይቀመጥ። ማን መጀመሪያ ያርሳል የሚለውም ዝናብ ሳይጥል ይወሰን።

10. ከተገዛ በኋላ

ነጋዴው «ዘይቱ አሁን ነው የተቀየረው» ቢልም የሞተር ዘይት፣ የዘይትና የናፍጣ ፊልትሮ ይቀይሩ፤ የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ። ሰዓቱን ደብተር ላይ ይመዝግቡ። የኃይል ማውጫ ዘንጉ መከለያ ሳይኖረው አይሠራ፤ ልቅ ልብስ የለበሰ ሰውና ሕፃናት አይጠጉት። ኦፕሬተሩም መንጃ ፈቃድና ልምድ ያለው ይሁን።

ያ ወንድሜ ትራክተሩን ካንድ ዓመት በላይ ካቆመ በኋላ ሌላ ቴስታ አስገጥሞ አስነሣው። ዛሬ ይሠራል። ነገር ግን ወደ ሌላ ነጋዴ ሲሄዱ ዘመዶቹ የሚወስዱት እሱን ነው፤ መጀመሪያ የሚያደርገውም የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ማየት ነው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።